የእንግሊዝ እንቆቅልሽና የእኔ ትንፋሽ

በዕድሜዬ ያለ ዕውቀት ያገኘሁት ክብር አንድ ነው። እሱንም በአንደበቴ አላገኘሁትም፤ በትንፋሼ ነው። ያውም ወደ ውጭ በሚወጣው ሳይሆን ወደ ውስጥ በሚገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰው ሲያወራን ዝም ብለን አንሰማም። ተናጋሪው ግድግዳ የሚያነጋግር እንዳይመስለው፣ እሱ ፋታ ባገኘ ቁጥር እኛ በአፋችን አየር ሳብ እናደርጋለን። «ትናንት ገበያ ሄጄ...» ሳብ። «ሽንኩርቱ ደግሞ ተወዶ...» ሳብ። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለታችን ነው። የዓለም ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። ጄኔቭ የመጣሁ ሰሞን ወገቤን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሩ ስለ ወንበር አቀማመጥ ሲያስረዳኝ በአክብሮት ሳብ ሳብ ባደርግለት፣ ደንግጦ ወገቤን ትቶ ለሳንባ ምርመራ ላከኝ። መርማሪዋ በቱቦው እንዴት እንደምተነፍስ ስትነግረኝም ሳብ አደረግሁላት። በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ታዞልኝ ወጣሁ። መድኃኒቱ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ወገቤም እስካሁን ያመኛል።

የምሠራው በዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ምህፃረ ቃል ስለሆነ አይጠቅማችሁም። እኛ ውስጡ ያለነው እንኳ ሲዘረዘር ምን እንደሚል የምናስታውሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። ሥራችን ድሃ አገሮች ለምን ድሃ እንደሆኑ መጻፍ ነው። እኔ የጻፍኩትን ኮሊን ያርመዋል፣ ኮሊን ያረመውን ሌላ ሰው ያሳጥረዋል፣ ያጠረውን ማንም አያነበውም። ኮሊን እንግሊዛዊው አለቃዬ ነው። ኮንትራቴ በዓመቱ መጨረሻ ያልቅ ነበር፤ የሚያድሰውም የማያድሰውም እሱ ነው። ለእኔ ቢጤ ሠራተኛ የሚሰጠው የመኖሪያ ካርት ደግሞ ከኮንትራቱ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። ኮንትራቱ ከተቀደደ ካርቱ ይቀደዳል። ካርቱ ከተቀደደ ከጄኔቭ ወጣ ብሎ ቨርሷ ያለችው፣ ሐይቅ ዳር ተብላ ተከራይታ ሐይቅ የማይታይባት ቤታችን፣ የልጃችን ትምህርት ቤት፣ ሚስቴ ሰዓዳ በአረጋውያን ማረፊያ ወጥ ቤት የያዘችው ሥራ፣ ሁሉም በየስፌቱ ይተረተራል። ስለዚህ ኮሊን ሲያወራ ከቢሮው ሰው ሁሉ አብልጬ ሳብ የማደርገው እኔ ነበርኩ።

ኮሊን አንድ አምልኮ አለው። ጠዋት ጠዋት ከማሽኑ ቡናውን ቀድቶ፣ የአገሩን ጋዜጣ አጥፎ፣ ያቺን ወደ ጎን ወደ ታች እየተባለች በፊደል የምትሞላ ባለ ጥቁርና ነጭ ሳጥን ይዞ ይቆማል። እኛ አገር ጋዜጣ ላይ ከነበረችው ጋር አንድ እንዳትመስላችሁ። የእኛዋ «የአፋር ክልል ወንዝ» ትላለች፤ «አዋሽ» ብለህ ሞልተህ ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ። የእንግሊዞቹ ግን ሆን ብለው ሊዋሹህ የተቀመጡ ናቸው። «ሐኪሙ ሻይ ይዞ ከመርከበኛው ጋር ወደ ምሥራቅ ተጓዘ» ይሉሃል። ሐኪም የለም። ሻይ የለም። የተጓዘም የለም። መርከበኛ ሲሉ ሁለት ፊደል ማለታቸው ነው፣ ሻይ አንዲት ፊደል ናት፣ ምሥራቅም አንዲት ፊደል ናት። «ዶክተር» የሚል ካየህ ደግሞ አጠገቡ ያለው ቃል ፊደሎቹ ይበጠበጡ ማለት ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው እኛ ቢሮ ሠርቶ ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ እኛ ዘንድም ዶክተር ከመጣ አጠገቡ ያለው ሁሉ ይበጠበጣል።

አንድ ጠዋት ኮሊን አንዱን ፍንጭ ጮክ ብሎ አነበበ። እኔ ስኳር እየፈለግሁ ነበር። አለቃ ሲያነብ ዝም አይባልምና፣ እንደጨረሰ ሳብ አደረግሁ።

ኮሊን ቡናውን አስቀመጠ። «አገኘኸው?» አለኝ። «እኔ ከመኝታዬ ተነስቼ እዚህ ድረስ እያሰብኩበት ነው። አንተ አንዴ ሰምተህ?»

አላገኘሁትም ልል አፌን ስከፍት፣ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሳ። «አትናገር! አታበላሽብኝ!»

ለካ በእነሱ ዘንድ መልስ መናገር ነውር ነው። አንዱ የደረሰበትን ሌላው ራሱ እስኪደርስበት ድረስ አይነግረውም። እንዲህ ያለ የተባረከ ደንብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ ተቃና። ኮሊን ያነባል፣ እኔ ሳብ አደርጋለሁ፣ ኮሊን «አትናገር!» ይላል፣ እኔ አልናገርም። በማግስቱ መልሱ ጋዜጣው ላይ ሲወጣ እሱው ያስረዳኛል፦ ይህ ፊደል ከዚህ መጣ፣ ያኛው ተገለበጠ፣ ይህ መሃል ገባ። እኔ በየፌርማታው ሳብ። «አንተም በዚሁ መንገድ ነው አይደል የደረስክበት?» ይለኛል በስተመጨረሻ። ምን እላለሁ? ሳብ። ወሬው ፎቅ ለፎቅ ተዛመተ። የሌላ ክፍል ኃላፊዎች በአሳንሰር ውስጥ ጎንበስ እያሉ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ድህነት ላይ የጻፍኩትን አንዲት ገጽ ያላነበቡ ሰዎች ስለ ጭንቅላቴ ያወሩ ነበር።

ለሰዓዳ ነገሩን ማስረዳት ግድ ሆነ፤ ምክንያቱም የኮሊን ሚስት መንገድ ላይ አግኝታ «ባልሽ ሊቅ ነው» ብላታለች። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ሙገሳ ሲበዛ ትጠረጥራለች።

«ምን አጠፋህ?» አለችኝ ቤት ስገባ።

ቁጭ አድርጌ በአማርኛ ምሳሌ ፈጠርኩላት። «ስሚ። ሰው ሃብታም ሲሆን መሃሉ ላይ የሚገኝ የሚጠጣ ነገር። ሁለት ፊደል።»

«ውስኪ» አለች።

«ሦስት ፊደል ነው እሱ። ዐረፍተ ነገሩን እይው እንጂ። 'ሰው' ካለው 'ው'ን፣ 'ሃብታም' ካለው 'ሃ'ን ውሰጂ። ውሃ!»

ሰዓዳ በጣቶቿ ፊደል ቆጠረች። «እና ውሃ ለማለት ይህን ያህል መዞር ምን አመጣው? ደግሞስ ውሃ የሚጠጣ ሃብታም የት አይተህ ነው?»

ልጃችን ከመጫወቻዋ ቀና ብላ «ባባ፣ አንተ ቬሪታብል ጄኒ ነሽ» አለችኝ። እውነተኛ ሊቅ ማለቷ ነው፤ አድናቆቷ ፈረንሳይኛ፣ ፆታዬ የሴት ሆኖ መጣ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ከቤቱ ያመነኝ አንድ ሰው እሷ ናት።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን ኮሊን ፊቱ በርቶ መጣ። በጄኔቭና በዙሪክ ያሉ የዚህ በሽታ ሕሙማን በየዓመቱ ይጋጠማሉ። ዘንድሮ ዙሪክ ነው፤ አልትሽቴተን በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ አዳራሽ። ከየከተማው ሁለት ሁለት ሰው ይሰለፋል። ጄኔቭን እሱና እኔ እንወክላለን። «እዚያ ታዲያ መልስ ብቻ አይበቃም» አለኝ እጁን እያፋተገ። «ደወሉን የመታ ሰው መልሱን ተናግሮ ከእነ አካሄዱ ለታዳሚው ያስረዳል። አንተ ስታስረዳ ለመስማት ከሁሉም በላይ ጓጉቻለሁ። ከዙሪክ መልስ ደግሞ ስለ ወደፊትህ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።»

ሳብ። ይህችኛዋ ግማሽ አክብሮት ግማሽ ጣር ነበረች።

ነገሩ ዕረፍት ስለነሳኝ ቅዳሜ ፓኪ ወደሚባለው የጄኔቭ ሰፈር ወረድኩ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሰው ካፌ አላቸው፤ አበሻው እዚያ ነው የሚሰባሰበው። ጭንቄን ሹክ ልላቸው ብዬ ገና የእንቆቅልሹን ዓይነት ሳስረዳ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«ይሄማ የእኛ ነው! ቅኔ አይደለም እንዴ? ሰምና ወርቅ! ወስደውብን ነው!»

«ጋሼ፣ እነዚህ እንኳ ፊደል ነው የሚቆራርጡት...»

«ወስደው ሲያበቁ ቆራረጡታ! እንዳይታወቅባቸው!» ቅኔ ይችሉ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ አንድ የሩቅ ዘመዳቸው ተምሮ ነበር አሉኝ። ለካፌው ሁሉ ግን አወጁ፦ ይህ ልጅ እንግሊዞችን በገዛ ቋንቋቸው ሊገጥም፣ የተወሰደብንን ሊያስመልስ ዙሪክ ሊወርድ ነው። ምክር ፍለጋ ገብቼ አደራ ተሸክሜ ወጣሁ።

መማር ጀመርኩ፤ ምርጫ አልነበረኝም። ደንቦቹን በባቡር፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በስብሰባ አጠናሁ። የገባኝ ጥቂት ነው፤ የተረፈኝ ግን በሽታው ነው። ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ የሚያታልለኝ ይመስለኝ ጀመር። የዳቦ ቤት ማስታወቂያ እያነበብኩ ፊደል እገለብጣለሁ። በሕንፃችን ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ላይ ጠባቂው አንድ ወረቀት ለጥፎ ነበር። የስዊዝ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደምታውቁት ከአገሪቱ ሕገ መንግሥት ይልቅ የሚከበር ቦታ ነው። ወረቀቱ ፊት ቆሜ «ዛሬ» ከሚለው ቃል ስንት ቃል እንደሚወጣ፣ «ይዘጋል» የሚለው ምን ደብቆ እንደያዘ ስመራመር ቆየሁ። ደስ ብሎኝ፣ የሰዓዳን የሥራ ልብስ ማሽን ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ወረቀቱ የሚለው «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ለጥገና ይዘጋል» ነበር። ተዘጋም። ሰዓዳ በማግስቱ ለልጃችን ልደት ለብሳው በነበረው ቀሚስ ወጥ ቤት ገብታ ድንች ላጠች።

«የጻፈውን አላነበብከውም?» አለችኝ።

«አንብቤዋለሁ። ከሥሩ ያለውን ነበር የፈለግሁት።»

«ከሥሩ በር ነው ያለው» አለች።

እሑድ ደረሰና ከኮሊን ጋር የዙሪኩን ባቡር ተሳፈርን። ኮሊን መንገዱን ሙሉ ስለ ተጋጣሚያችን ነገረኝ። ሄር ኡርስ፣ አቶ ኡርስ እንደማለት፣ የሚባል ጡረታ የወጣ ስዊዛዊ መሐንዲስ ነው። ስዊዞች እንቆቅልሽ አይወዱም፤ ደንብ ያለው እንቆቅልሽ ግን ከደንቡ የተነሳ ይወዱታል። ሄር ኡርስ እንግሊዝኛ ያጠናው ለዚሁ ሲል ነው ይባላል፤ እንግሊዞቹን ሲያሸንፍ የኖረ ሰው ነው። ኮሊን «አንተን ለመጨረሻው ፍንጭ አስቀምጬሃለሁ። ድብቁ መሣሪያዬ ነህ» አለኝ። እኔ በመስኮት ላሞቹን እያየሁ ላም ብሆን ብዬ ተመኘሁ።

አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ከኮሊን ጀርባ ልደበቅ ሞከርኩ። የሰዓዳ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጀማል፣ አልትሽቴተን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጫኝ መኪና የሚነዳው፣ ነጭ ሸሚዝ በክራቫት አድርጎ ቆሟል። ወሬው ከፓኪ እኔን ቀድሞ ደርሷል። ከኋላው የመጋዘን ባልደረቦቹ አሉ። ይህ አልበቃ ብሎ፣ ያንኑ አዳራሽ እሑድ እሑድ ጠዋት የምትከራየው ትንሽዬ የጴንጤ ጉባኤ ናት፤ ፕሮግራሟን ጨርሳ፣ ውድድሩን ስትሰማ ከነመዘምራኗ እዚያው ቀርታለች። መሪዋ እህት ምሕረት ሳምቡሳ በትልቅ ዕቃ ይዛ መጣችና፣ ዕቃውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ጭንቅላቴን ያዘች።

«ወንድሜ፣ ሙስሊም መሆንህን አውቃለሁ። ግን ጸልየንልሃል፣ ምን ታደርገዋለህ።»

«አሚን በይ እንጂ እሱ ምን ያድርግ» አለ ጋሽ ጀማል። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ስማ፣ አላሳፍርህም። እንግሊዝኛው ባይገባኝም በደንብ ነው የማዳምጠው። ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ፤ በአክብሮት አዳምጡ ብያለሁ።»

ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ከወገኖቻችን ሌላ በአዳራሹ የነበሩት ጥቂት እንግሊዞችና እርሳስ የጨበጡ ስዊዞች ናቸው፤ ወንበር ሲንቋቋ እንኳ ይቅርታ ይባባላሉ። የሄር ኡርስ ጓደኛ ጉንፋን ይዞት ቀርቶ እሱ ለብቻው ተሰልፏል። አስተናባሪዋ ቀጭን እንግሊዛዊት ደንቡን ተናገረች፦ ደወል የመታ ይመልሳል፣ ያስረዳልም፤ የተሳሳተ ነጥብ ይቀነስበታል። ንግግሯን ስትጨርስ ከኋላ ያለው ወገን በሙሉ፣ አንድ ላይ፣ ሳብ!

አስተናባሪዋ ጣሪያውን አየች። የአየር መሳቢያው የተነሳ መስሏታል።

የመጀመሪያውን ሄር ኡርስ ወሰደው። ደወሉን መታ፣ ተነሳ፣ ማስረዳት ጀመረ። «የመጀመሪያው ቃል እንደሚታወቀው...» ሳብ! ቆመ። ወደኋላ ዞሮ አየ። ጨዋ፣ ቁም ነገረኛ፣ ዓይናቸውን እሱ ላይ የተከሉ ሰዎች በረድፍ ተቀምጠዋል። «...እንደሚታወቀው ለሁለት ይከፈላል...» ሳብ! እንግሊዝኛው የሚገባቸው በአክብሮት ሳብ ያደርጋሉ፤ የማይገባቸው አለመግባቱ እንዳይታወቅባቸው ይብሱን ሳብ ያደርጋሉ። ሄር ኡርስ አስረድቶ ሲቀመጥ ግንባሩን ጠረገ።

ኮሊን ጠጋ አለኝ። «እነማን ናቸው?»

«አማቾቼ ናቸው።»

«ሁሉም እንዳንተ ናቸው?»

ሳብ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ የጋሽ ታደሰ ካፌ ወሬ ይመስላችኋል። ሄር ኡርስ ተረበሸ። ፍንጭ በተነበበ ቁጥር ፊደሉን ትቶ ወደኋላ ይመለከታል። አስተናባሪዋ አንዱን ፍንጭ ገና አጋምሳ ትንፋሽ ለመውሰድ ስትቆም ጋሽ ጀማል ሳብ አደረገ። ሄር ኡርስ ፊቱ ነጣ። ፍንጩ ተነብቦ ሳያልቅ የፈታ ሰው በዘመኑ አላየም። ተቻኩሎ ደወል መታ፣ ተሳሳተ፣ ነጥብ ተቀነሰበት። ኮሊን ደግሞ እንዲህ ያለ ምሁር ደጋፊ ከኋላው መኖሩ ልብ ሰጥቶት ይመልሳል፣ ያስረዳል፣ መዘምራኑ ሳብ እያደረጉ ያበረታቱታል። በመጨረሻ እኩል ለእኩል ሆነን አንዲት ፍንጭ ቀረች።

ተነሳሁ። ሄር ኡርስ ከፊቴ ቆመ። ፍንጯ ተነበበች። ወላሂ፣ ስለ ጳጳስና ስለ አንድ ዓሣ መሆኗን ብቻ ነው የማስታውሰው። ሰምም ወርቅም አልታየኝም፤ የታየኝ ካርቱ፣ ቤቱ፣ የሰዓዳ የሥራ ልብስ ነው። አስተናባሪዋ በትሕትና «ፍንጯ ለሁለታችሁም ተሰምታለች?» አለች።

ሴትዮዋ ጠየቀች፤ ሰው ሲጠይቅ ይመለሳል። ሳብ አደረግሁ።

ሄር ኡርስ ዘለለ። ደወሉን በሁለት እጁ መታና አንድ ቃል ጮኸ። ጮኾ ሳይጨርስ መሳሳቱ ለራሱም ገባው፤ ዓይኑን ጨፈነ። ነጥብ ተቀነሰ። ጄኔቭ አሸነፈች። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም።

«አሸናፊው ትክክለኛውን መልስ ያስረዱን ይሆን?» አለች አስተናባሪዋ። ኮሊን ግን ከወንበሩ ተነስቶ፣ «አይሆንም! ሰዎቹ ራሳቸው ቤታቸው ይድረሱበት! አታበላሹባቸው!» አለ። እንግሊዞቹ አጨበጨቡለት። ያን ጊዜ እህት ምሕረት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከአስተናባሪዋ እጅ ወረቀቱ ወደቀ። መዘምራኑ ተነሱ፣ ጋሽ ጀማል አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፣ ለሄር ኡርስም ሳምቡሳ በግድ ተሰጠው። ሽማግሌው ሳምቡሳውን እንደያዘ ወደ ጋሽ ጀማል ቀርቦ በጀርመንኛ፣ ያቺን ፍንጭ ከግማሽ ላይ እንዴት ሊደርስባት እንደቻለ በትሕትና ጠየቀው። ጋሽ ጀማል ጨዋ ሰው ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳብ አደረገለት።

ሰኞ ኮሊን ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። «አንዳንድ ነገር ሲዘረዘር ውበቱን ያጣል» ብሎ ጀመረ። «አንተ ደግሞ ሊዘረዘርልህ የሚገባ ሰው አይደለህም።»

ሳብ።

«ድርጅቱ ቅርፁን ሊቀይር ነው።»

ሳብ አደረግሁና ባጠናሁት ሕግ ተረጎምኩት። ቅርፅ መቀየር ማለት ፊደሎቹ ይደባለቃሉ ማለት ነው፤ ከታች ያለሁት እኔ ወደ ላይ ልወጣ ነው።

«ለጋሾቹ ቀጠን ያለ ነገር ይፈልጋሉ።»

ሳብ። መሃል ላይ ያለ ፊደል ሊወጣ ነው። ከኮሪደራችን መሃል ቢሮ ያለው ሥራ የሌለው ዶክተር ነው፤ አዘንኩለት።

«አንዳንድ ወንበሮችም ወደ ሌላ ምዕራፍ ይሸጋገራሉ።»

ሳብ። አዲስ ወንበር! ስለ ወገቤ ማን ነገረው?

«ስለዚህ» አለ ኮሊን፣ «ኮንትራትህ አይታደስም።»

እዚህ ላይ የሚገለበጥ ፊደል ፈለግሁ። አልነበረም። ከሥሩ የተደበቀ ነገር አልነበረም። ዓረፍተ ነገሩ ልክ እንደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረቀት የሚለውን ይል ነበር። በሕይወቴ ስቤ የማላውቀውን ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብኩ። ይህ አክብሮት አልነበረም፤ ይሉኝታም አልነበረም። ድንጋጤ ነው። ያ ሁሉ ሳብ ሳብ ሲደረግ የእውነት የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

ኮሊን እፎይ ብሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ይኸው! ባለፈው ሳምንት ለሌሎችም ነግሬያቸዋለሁ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ጠበቃ እጠራለሁ አለ፣ ሁሉም ለምን እንደሆነ አስረዳን ይላሉ። አንተ ግን ወዲያው ደረስክበት።»

አልደረስኩበትም፣ አስረዳኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እጁን እንደለመደው አነሳ።

«አትናገር» አለኝ በፍቅር። «አታበላሸው።»

ቤት ስገባ ሰዓዳ ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ልጃችን ጎረቤት ሄዳለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሳልዞር ሳልጠማዘዝ ነገርኳት።

«ኮሊን ጠራኝ» አልኳት።

ሳብ አደረገች።

«ኮንትራቱ አይታደስም አለኝ።»

ጫማዋ በእጇ እንዳለ፣ ቀስ ብላ፣ ሳብ።

«ካርቱም አብሮ ይሄዳል። ቤቱም። ያንቺም ሥራ።»

ሳብ። አላለቀሰችም፣ ጠበቃ አልጠራችም፣ እንደ ኮሊን እጇን አንስታ ዝም አላሰኘችኝም። ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ እየሰማችኝ ነበር። ቀጥል እያለችኝ ነበር። የሚቀጥል ነገር ግን አልነበረኝም።

«እንግዲህ ምን ይሻለናል?» አልኳት።

ሰዓዳ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። በዚያች ድምፅ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አታልያለሁ። ያቺ ድምፅ መልሱን ማወቅ ማለት ብትሆን ብዬ ከልቤ የተመኘሁት ግን ያን ጊዜ ነው።